አለሚቱን የሚያስታውስ መጽሐፍ

አቶ ገብረጻድቅ ቅዳሜ ጠዋት የሳሪስ አቦን ደጅ ተሳልመው ወደ ታክሲ መያዣው ሲወርዱ፣ ከመንገዱ ዳር ሸራ አንጥፎ ያገለገሉ መጻሕፍት በሚሸጠው በዱጉማ ፊት አንድ ወጣት ቁጢጥ ብሎ አዩ። ፊቱን ሳያዩ ሮቤራ መሆኑን ለዩት። አይተው እንዳላዩ ሊያልፉትም አሰቡ፤ ነገ በጉባኤ ፊት ሊወቅሱት የተዘጋጁትን ሰው ዛሬ ደኅና ነህ ወይ ማለት ከበዳቸው። ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወጥቶ ሰላምታ መንፈግ ደግሞ ኅሊናቸውን ቆረቆረውና ቆሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቶ ገብረጻድቅ በብረታ ብረት ፋብሪካ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በገላን ኮንዶሚኒየም ደግሞ የእድር ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ሮቤራ የዚያው ሰፈር ልጅ ነው፤ አባቱ ቃልቤሳ ፎቆቹ ሳይሠሩ በፊት እዚያው መሬት ላይ ያርስ ነበር። ልጁ ኮሌጅ ገብቶ ኮምፒውተር ተማረ። አምና እድሩ ጡሩንባ ነፊውን አሳርፎ ሮቤራ የሠራውን ፕሮግራም ያዘ። ፕሮግራሙ የለቅሶ ጥሪውን በየስልኩ ያደርሳል፤ ቀብር ያልወጣውንም ይመዘግባል። ሁሉም ተደስቶ ነበር። በዚህ ሳምንት ግን ያው ፕሮግራም ባሏን በቅርቡ ለቀበረችው ለአለሚቱ፣ «በተደጋጋሚ ለቅሶ ባለመድረስዎ ከአባልነት ተሰርዘዋል» የሚል መልእክት ላከ። ሐዘንተኛ ሙት ዓመቱ እስኪወጣ ድረስ የሌላ ሰው ለቅሶ ባይደርስ እንደማይጠየቅ በሰፈሩ የማያውቅ የለም፤ ከፕሮግራሙ በቀር። አለሚቱ መልእክቱን ካየች ወዲህ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች። አቶ ገብረጻድቅም ነገ እሑድ በእድሩ ጉባኤ ላይ ፕሮግራሙ ቀርቶ ጡሩንባው እንዲመለስ ሊያስወስኑ ቆርጠዋል።

«እንደምን አደርክ ሮቤራ?»

ሮቤራ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሼ። እንደምን አደሩ?»

«ከዚህ ምን ትፈልጋለህ? ሁሉም ነገር ስልኬ ውስጥ አለ ስትለን አልነበር?»

«ብዬ ነበር፤» አለ ሮቤራ አንገቱን እያሻሸ። «አሁን የሶፍትዌር ምህንድስናን ከሀሁ የሚያስተምር መጽሐፍ እየፈለግሁ ነው። ለኔም፣ አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆችም።»

«ኮሌጅ ታዲያ ምን ስትማር ከረምክ?»

«ኮድ መጻፍ ተማርኩ። ይህንንም ትምህርት ወስጄው ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና፣ ለፈተና ሸምድጄ አለፍኩት።»

ዱጉማ ከሸራው ማዶ ሆኖ ጣልቃ ገባ። «ጋሼ፣ ገላግሉኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሁለት መጽሐፍ እያገላበጠ ሌላ ገበያተኛ ከለከለኝ። ወፍራሙን ውሰድ ብለው አልሰማም አለ። አዲስ ነው፤ ባይነበብ እንኳ ትራስ ይሆናል።»

አቶ ገብረጻድቅ ወደ ሁለቱ መጻሕፍት አጎነበሱ። አንደኛው እንደ ሸክላ ጡብ የወፈረ፣ ሽፋኑ የሚያብረቀርቅ ነው። ሁለተኛው መካከለኛ፣ ጠርዙ የተበላ፣ ሽፋኑም በፕላስተር የተያያዘ ነው።

«ዱጉማ ልክ ነው፤» አሉ። «ካልክ አይቀር ትልቁን ነው። ያንተ ጉድለት ኮምፒውተሩን ጠልቀህ አለማወቅህ ነው። ብታውቀውማ ያቺን ምስኪን ሴት አያስቀይማትም ነበር።»

«እኔም እንዲያ መስሎኝ ነው የመጣሁት፤» አለ ሮቤራ። «በኋላ ግን ሁለቱንም አንድ ዓይነት ጥያቄ ልጠይቃቸው ብዬ አሰብኩ። እትዬ አለሚቱን ታድኑልኝ ነበር ወይ? አልኳቸው።»

«መጽሐፍ አለሚቱን ከየት ያውቃታል?»

«ስሟን አያውቅም። የሷን ዓይነት ሰው ግን ሊያስታውሰኝ ይገባል። ይዩ፣ ይሄ ወፍራሙ።» ማውጫውን ገለጠ። «ከሞላ ጎደል ሁሉም የአንድ ኮድ መጻፊያ ቋንቋ ትእዛዝ ነው። ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ አልንቀውም። ግን እኔ የጻፍኩት ኮድ ስህተት አልነበረበትም። በተደጋጋሚ የቀረ ይሰረዛል ይላል ደንቡ፤ ኮዱም ደንቡን አንድም ሳያዛንፍ ፈጸመ። ይህን መጽሐፍ በቃሌ ብወጣው እንኳ እትዬ አለሚቱን ይበልጥ በፍጥነት እሰርዛት ነበር።»

አቶ ገብረጻድቅ ፊታቸው ተለወጠ። «ደንቡን የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው ማለትህ ነው?»

«ኧረ አይደለም፣ ጋሼ። መጠየቅ የኔ ሥራ ነበር። እኔ ግን ደንቡን ተቀብዬ ወደ ቤቴ ሮጥኩ። ይሄ ሁለተኛው መጽሐፍ ኮድ ከመጻፍ በፊት ሰውን ስለመጠየቅ ነው የሚጀምረው። ለማን ነው የምትሠራው፣ ምን ይፈልጋል፣ ያልነገረህስ ምንድን ነው እያለ።»

«መጠየቅ ደግሞ በመጽሐፍ ይማሩታል?» ብለው አቶ ገብረጻድቅ ወደ ዱጉማ ዞሩ። «ይሄ እኮ አስተዳደግ ነው፤ ምህንድስና አይደለም። ቃልቤሳ በደንብ ነው ያሳደገው፤ መጠየቁን የት ጣለው?»

ዱጉማ ሳቀ። ሮቤራ አልሳቀም፤ አልተቆጣም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ቶርኖው ላይ ሳሉ አንድ ሰው የተሰበረ ብረት ይዞ ይህን የመሰለ ይሥሩልኝ ቢልዎት፣ ወዲያው ብረት መቁረጥ ይጀምሩ ነበር?»

«ሞኝ ነኝ? ከየትኛው ማሽን እንደ ወጣ እጠይቀዋለሁ። ሸክም ላይ ነው የሚሠራው፣ ዘይት ያገኛል ወይ፣ መጀመሪያ የተበላው በየት በኩል ነው እላለሁ። የተሰበረውን አስመስለህ ብትሠራ ያው መልሶ ይሰበራል።»

«ይህን ማን አስተማረዎት? አባትዎ ናቸው?»

አቶ ገብረጻድቅ አባታቸውን አስታወሱ። አባታቸው ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ስለ ብረት ግን አንዳች አያውቁም። «አለቃዬ ነው፤» አሉ በመጨረሻ። «ያውም ብዙ ብረት ካበላሸሁ በኋላ።»

«እኔ የማበላሸው ብረት አይደለም፣ ጋሼ። ብዙ ሰው እያስቀየምኩ እስክማር ድረስ ሰፈሩ ሊታገሠኝ አይችልም። ስለዚህ ሌሎች ያበላሹትን አስቀድሞ የሚነግረኝ መጽሐፍ እፈልጋለሁ። አለቃ የሚሆነኝ።»

ይህ ቃል አቶ ገብረጻድቅን ነካቸው። ሆኖም በአንድ ንግግር የሚረቱ ሰው አልነበሩም። «እስቲ አንብብልኝ፤» አሉ። «በአማርኛ አድርገው። ለኔ ሊገባኝ ካልቻለ አንተም አልገባህም ማለት ነው።»

ሮቤራ የተበላውን መጽሐፍ ገልጦ እየተረጎመ ቀስ ብሎ አነበበ። «ሰው የሚያውቀውን ሁሉ አይነግርህም። ይበልጡንም በጣም የለመደውን ነገር ጨርሶ አያነሣውም። ስለዚህ ደንቡን ብቻ አትጠይቅ፤ ደንቡ የማይሠራበት ቀን መቼ እንደሆነ ጠይቅ።»

አቶ ገብረጻድቅ መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ደንቡን ለልጁ ያስረከቡበት ቀን ትዝ አላቸው። የሐዘንተኛ መቅረት እንደማይቆጠር ለምን አልነገሩትም? ሊደብቁት አልነበረም። የሚነገር ነገር መሆኑን ራሳቸውም አላሰቡትም። ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ማን ያወራዋል? ልጁ ደግሞ ወጣት ነው፤ ገና የራሱን ሐዘን ተቀምጦ አያውቅም።

«ይህን ጻፈ?» አሉ።

«ጽፏል። ከሥሩም ጥያቄ አለው፤ አንብበው አልፈው እንዳይሄዱ ያሠራል። አንዲት ክሊኒክን ምሳሌ አድርጎ ከመነሻው እስከ መጨረሻው ይዟት ይጓዛል። ሥራው ለሰው ከመሰጠቱ በፊት እንዴት እንደሚፈተሽ፣ ከተሰጠ በኋላ እንዴት እንደሚጠገን፣ ብዙ ሰው ሆኖ ሲሠራም ያንዱ እጅ የሌላውን ሥራ እንዳያፈርስ ያሳያል። ወፍራሙ ይህን ሁሉ በመጨረሻው ምዕራፍ በአጭሩ ጠቅሶት ያልፋል።»

«ግን አርጅቷል፤» አሉ አቶ ገብረጻድቅ። ይህች የመጨረሻ ምሽጋቸው ነበረች። «ኮምፒውተር በየጊዜው ይለዋወጣል ትላላችሁ። አሮጌ መጽሐፍ ምን ይረባል?»

«ስለ መሣሪያዎች የጻፈው አርጅቷል፤ እሱን አልክድም። ያንን ከኢንተርኔት አሟላዋለሁ። ስለ ሰው የጻፈው ግን አላረጀም። ለጀማሪ የሚሆነው መሠረቱን የሚያስይዘው ነው። ወፍራሙን መሠረቱን ከያዝኩ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ዱጉማ ያስቀምጥልኛል።»

«ትራስ አድርጌው እጠብቅሃለሁ፤» አለ ዱጉማ።

አንባቢ ልብ ይበል። አቶ ገብረጻድቅ ግትር ሰው አልነበሩም። የሚያውቁትን አጥብቀው የሚይዙት ያወቁት በድካም ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ለማሳመን ጩኸት አይጠቅምም፤ እሱ ራሱ ከሚያውቀው ተነሥቶ ወደማያውቀው መውሰድ ግን ይቻላል። ሮቤራ ያደረገው ይህን ነው።

«መጽሐፉን ውሰድ፤» አሉ። «ነገ ግን ጉባኤ አለ።»

«አውቃለሁ። ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት። እትዬ አለሚቱ ጋ አብረውኝ ይሂዱ። ይቅርታ ልጠይቃት፣ ያልጠየቅኋትንም ልጠይቃት።»

በአንድ ሚኒባስ ተሳፍረው ገላን ወረዱ። አለሚቱ በሯን የከፈተችው የአቶ ገብረጻድቅን ድምፅ ስትሰማ ነው። ጥቁር ለብሳለች። አስገባቻቸው፤ ተቀመጡ። ሮቤራ ከወንበሩ ተነሥቶ ጥፋቱን ሳያሳጥር ተናገረ። እሷም እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ አለችው፤ ድምፅዋ ግን ገና አልሞቀም።

አቶ ገብረጻድቅ ነገሩን ሊቋጩት ፈለጉ። «አይዞሽ አለሚቱ። ስምሽ ተመልሷል። ከእንግዲህ ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ ድረስ ለሐዘንተኛ ምንም ዓይነት ጥሪ እንዳይደርስ አስወስናለሁ። ማንም አያስቸግርሽም።»

ሮቤራ አንገቱን ወደ እርሷ አዘነበለ። «እትዬ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ? እንዲህ ቢሆን ይስማማዎታል?»

አለሚቱ መሬት መሬት አየች። «ጋሼ አይቀየሙኝ፤» አለች ቆይታ። «መሰረዜ አስከፍቶኛል። አሁን የሚሉት ግን ይብሳል። ጥሪው ከቀረብኝ ማን እንደ ሞተ በምን እሰማለሁ? እሱ ሲሞት ይህ ቤት ሰው ሞልቶት ነበር። ያጽናኑኝ ሰዎች ሲያዝኑ እኔ ሳልሰማ ልቅር? መሄድ ባልችል እዚሁ ሆኜ እጸልይላቸዋለሁ። የቻልኩ ቀን እሄዳለሁ። ጥሪውን አትከልክሉኝ፤ መቅረቴን ብቻ አትቁጠሩብኝ።»

አቶ ገብረጻድቅ ልማዱን ከማንም በላይ አውቃለሁ ብለው፣ ሐዘንተኛዋን ከሰው ሊለዩዋት ጥቂት ብቻ እንደ ቀራቸው ተገነዘቡ። ሲወጡ ደረጃው ላይ ቆም አሉ።

«ቶርኖ ላይ ብሆን ኖሮ፣» አሉ፣ «ይህን ብረት አሁን ቆርጬ ጥዬው ነበር።»

«እኔም ያለ እርስዎ ብመጣ በሩ አይከፈትልኝም ነበር፤» አለ ሮቤራ።

እሑድ ጉባኤው ሲሰበሰብ ብዙዎች ዳኛው ፕሮግራሙን ሊቀብሩት ነው ብለው ጠብቀው ነበር። አቶ ገብረጻድቅ ተነሡና እንዲህ አሉ። «ወገኖቼ፣ የተበላሸው መሣሪያው አይደለም። ሳንጠያየቅ ነው የሠራነው። ልጆቻችን ኮድ መጻፍ ያውቃሉ፤ አሁን ደግሞ አሠራሩን ከጥሩ መጽሐፍ ሊማሩ ተነሥተዋል፤ ይህንን አዳራሽም ለትምህርታቸው ክፈቱላቸው። ከኛ የሚፈለገው ለለመድነው ነገር አንደበት መስጠት ነው። እስቲ ደንባችን የማይሠራበትን ቀን የሚያውቅ ይናገር።»

መጀመሪያ የሌሊት ዘበኛው ዘአማኑኤል ተነሥቶ ጠዋት ከሥራ ሳይለቀቅ ቀብር እንደሚያመልጠው ተናገረ። ልጇ የወለደችላት እናት አራሷን ትታ መውጣት እንደማትችል ተናገረች። ስልክ የሌላቸው አረጋዊት ጡሩንባውን እንደሚናፍቁ ተናገሩ፤ ጡሩንባውም ከፕሮግራሙ ጎን እንዲመለስ ተስማሙ። ሮቤራና ጓደኞቹ ሰሙ፤ ያልገባቸውን መልሰው ጠየቁ።

ከዚያ ወዲህ በእድሩ የተለወጠው ብዙ ነው። ፕሮግራሙ የእድሩ ሰዎች ሳይመክሩበት ማንንም አይሰርዝም። አዲስ ነገር ሲጨመርበት አስቀድሞ ጥቂት አባላት ይሞክሩታል፤ ስህተቱም ሐዘን ቤት ሳይደርስ ይያዛል። በአዳራሹ የሚማሩት ልጆች መጽሐፉን በየምዕራፉ ከነጥያቄው እየሠሩ ስለሚሄዱ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማረም ችሏል፤ ሮቤራ ባይኖርም ሥራው አይቆምም። ሽማግሌዎቹም ለልጆቹ የሚነግሩት እንዳላቸው ስላወቁ በአዳራሹ በኩል ሲያልፉ ገባ ብለው ይቀመጣሉ። ይህ ሁሉ የተገኘው መጽሐፍን በውፍረቱና በአዲስነቱ ሳይሆን፣ ከደረሰ ጥፋት ጋር አስተያይቶ በመምረጥ ነው።

የሚቀጥለው የለቅሶ ጥሪ በአንድ ማለዳ ደረሰ። የአለሚቱም ስልክ ጮኸ። መልእክቱ የሟቹን ስም፣ ቀብሩ የሚፈጸምበትን ቤተ ክርስቲያንና ሰዓቱን ነገራት፤ መምጣት አለብሽ አላላትም። ጥቂት ተቀመጠች። ከዚያም ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና በሯን ቆልፋ ደረጃውን ወረደች።