ቀዝቃዛው ውሃ ወዴት ይሂድ?

መሐንዲሱ አጎቱን ያገኛቸው ሳያስበው፣ መለዋወጫ መደብር ውስጥ ነበር። እሱ የመጣው ጨው የማይበላው ብሎን ፍለጋ ነው። አጎቱ ባንኮኒውን ተደግፈው ከባለ መደብሩ ጋር ስለ አዲስ ጄኔሬተር እያወሩ ነበር። ማውራት ከተባለ ነው እንጂ፣ ሰውየው ዕድሜያቸውን በሙሉ በረዶ ፋብሪካቸው ውስጥ ከሚያጓራ ሞተር ጋር ሲፎካከሩ ስለኖሩ ሰላምታ ሲሰጡ እንኳ የተጣሉ ይመስላሉ። የወደቡ ሰው «ጋሽ ነጎድጓድ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን ወደውታል።

«አንተ! አለህ እንዴ? ወይስ ወደ ተማርክበት ልትመለስ ሻንጣህን እየዘጋህ ነው?» አሉት፣ መንገድ ላይ ያለ ሰው ዞር ብሎ እስኪያይ።

«አለሁ፣ ጋሼ። እርስዎ ምን ሊገዙ መጡ?»

«ሞተር ነዋ! አሮጌው አንድ ቀን ይነሳል፣ አንድ ቀን ይተኛል። በረዶ ሲጠፋ ዓሣ አስጋሪው ወደ ሌላ ወደብ ይሄድብኛል። ጀልባዋን ሸጬ አዲስ ላስገባ ነው። ገዢው ንፋሱ ጋብ ሲል ይመጣል።»

መሐንዲሱ ብሎኑን እንደያዘ ቀረ። ጀልባዋ ሟች አባቱና አጎቱ በወጣትነታቸው አብረው ያሰገሩባት ናት። ከዚያ ሁሉ ዘመን ለቤተሰቡ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች።

እውነቱን ለመናገር ስለ ሻንጣው የተባለው ሐሰት አልነበረም። ከሩቅ አገር ተምሮ ከተመለሰ ወዲህ ሻንጣው አልጋው ሥር ግማሹ እንደታሸገ ነው። የነደፈውን መሣሪያ ሥዕሎች ይዞ ያልገባበት ቢሮ የለም። በየደረሰበት «ጥሩ ነው፣ እናየዋለን» ይሉታል፤ የሚያይ ግን የለም። እሱም ብሎ ብሎ ራሱን መጠራጠር ጀምሯል። ይህ ሐሳብ ለዚህ ሕዝብ ይበጃል ወይስ እኔ የተማርኩት እንዳይባክንብኝ ብቻ ነው የምሮጠው እያለ ይጨነቃል። የሠራት ትንሽ መሣሪያ በተከራያት ጋራዥ ውስጥ ሸራ ለብሳ ተቀምጣለች።

«ጋሼ፣ ጀልባዋን ከመሸጥዎ በፊት አንድ ነገር ላሳይዎት» አለ።

«እየሄድን ንገረኝ። ሞተሩን ብቻውን ትቼው ነው የመጣሁት፤ እንደ ሕፃን ነው፣ ዞር ሲሉበት ያለቅሳል።»

ፋብሪካው ባሕሩ ዳር ነው። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ በግድግዳው ላይ የተዘረጉት ቱቦዎች ያልባቸዋል፤ የእንጨት ሳጥኖች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። የአጎቱ ሚስት የፕላስቲክ ቦት ጫማ አጥልቃ ሚዛኑ አጠገብ ዓሣ ትቀበላለች። ሞተሩ ስለሚያጓራ ሁሉም ሰው በጩኸት ይነጋገራል።

«ይኸውልሽ! የወንድሜ ልጅ ከባሕር መብራት ላወጣ ነው ይላል!» አሉ አጎትየው።

«ዓሣም ማውጣት አልቻልን!» አለች እሷ፣ ቀና ሳትል።

መሐንዲሱ ሳቀ። ከዚያም አጎቱን ወደ ጓሮ ወሰዳቸው። ጓሮው ውስጥ በብረት ክዳን የተዘጋ ጉድጓድ አለ። ከዓመታት በፊት አጎትየው የሚጠጣ ውሃ አገኛለሁ ብለው በጥልቅ አስቆፍረው፣ የወጣው እጅ የማያስነካ ሙቅ ውሃ ሆነባቸው። የከተማው ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሳቀባቸው። ለበረዶ ነጋዴ ከመሬት ፍል ውሃ! እሳቸውም ተናደው ከደኑት።

«ጋሼ፣ በረዶ የሚሠሩበት ጋዝ ምንድን ነው?» አለ መሐንዲሱ።

«አሞኒያ ነዋ። ልትፈትነኝ ነው?»

«ሞተሩ ጋዙን ይጨምቀዋል፤ ጋዙም ሲለቀቅ ቅዝቃዜ ይሰጥዎታል። ጉልበት ከፍለው ቅዝቃዜ ይገዛሉ ማለት ነው። የኔ መሣሪያ ያንኑ ወደ ኋላ ነው የሚሠራው። በአንድ በኩል ከዚህ ጉድጓድ የሚወጣው ሙቅ ውሃ አሞኒያውን ያፈላዋል። እንፋሎቱ ሮጦ መብራት የሚያመነጨውን ተርባይን ያዞራል። በሌላ በኩል ከባሕሩ ጥልቀት የሚመጣ ቀዝቃዛ ውሃ እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ ያደርገዋል። ከዚያ እንደገና ይፈላል። ጋዙ ከውስጥ አይወጣም፤ እየተመላለሰ ይሠራል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ይከፍላሉ፣ እርስዎ ጉልበት ይቀበላሉ።»

አጎትየው አገጫቸውን ያዙ። አሞኒያን ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቁታል፤ ሽታው ዓይናቸውን ያላስለቀሰበት ዓመት የለም። ስለዚህ ነገሩ እንደ ተረት አልሆነባቸውም።

«ጥሩ። ሙቁ ካለህ ቅዝቃዜው ምን ያደርግልሃል?»

«ሁለቱም ወገን ከሞቀ እንፋሎቱ የሚሄድበት ያጣል። የሚያዞረው ሙቀቱ ብቻ አይደለም፣ ልዩነቱ ነው። ሙቅ ጉድጓድ በሌለበት ወደብ እንኳ ፀሐይ ያሞቀችው የላይኛው ባሕርና የታችኛው ብርድ ትንሽ ጉልበት ይሰጣሉ። እርስዎ ጋ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው።»

«ውሃ የሚስበውን ፓምፕስ ማን ያዞረዋል?»

«መጀመሪያ አሮጌው ሞተር ያስነሳዋል። ከዚያ ራሱ መሣሪያው። ከሚያመነጨው ላይ ጥሩ ድርሻ ለፓምፖቹ ይሄዳል፤ አልደብቅዎትም።»

«እንደ ሞተር ሠራተኛዬ ነው በለኛ! ከሚሠራው የሚበላው አይተናነስም!»

«እሱ ግን ናፍጣ አይጠይቅዎትም።»

አሮጌ ነገር የያዘ ሰው ሁልጊዜ ግትር ነው ማለት ስህተት ነው። አጎትየው የፈሩት አዲስነቱን አልነበረም፤ መሣሪያው በመሀል ቢቆምና ዓሣው ቢበሰብስ ዓሣ አስጋሪዎቹን በምን ዓይን እንደሚያዩ ነበር። ይህን ፍርሃት መናቅ አይገባም። መሐንዲሱም ይህን ስለተረዳ አሮጌውን ሞተር ጣሉት አላለም፤ ለክፉ ቀን ይቀመጥ አለ።

«ንፋሱ እስኪጋብ ጊዜ አለህ» አሉ በመጨረሻ። «ገዢው መጥቶ መሣሪያህ የማይሠራ ከሆነ ግን ጀልባዋ ትሄዳለች። አባትህንም አትጥራብኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ መሐንዲሱ ቦት ጫማ ለመደ። መሣሪያውንም ከጋራዡ አምጥቶ ፋብሪካው ውስጥ ተከለው። ባሕሩ ከወደቡ አፍ ወጣ ሲሉ ወዲያው ገደል ስለሆነ ረጅሙን ቱቦ ወደ ጥልቁ ማውረድ ተቻለ። ያወረዱትም ለሽያጭ በተዘጋጀችው በዚያችው ጀልባ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎቹ «ባሕሩን በቀሰም ሊጠጣው ነው» እያሉ እየቀለዱበት ገመድ ያዙለት። የጉድጓዱ ክዳንም ተከፈተ።

የሙከራው ቀን ጀልባ ገዢው ልጥፍ ያለ ኮት ለብሶ በማለዳ መጣ። መሐንዲሱ ቫልቮቹን ከፈተ። ተርባይኑ መጀመሪያ አጉረመረመ፣ ቀጥሎ ፉጨት የመሰለ ድምፅ አወጣ። አሮጌው ሞተር ጠፋ፤ አምፖሎቹ ግን በሩ። የበረዶው ማሽንም ሥራውን ቀጠለ። የአጎቱ ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚዛኑ ቀና አለች።

ቀትር ላይ ጀልባዎች ተከታትለው ገቡ። ዓሣው ከተጠበቀው በላይ ሆነ፣ ለሁሉም የሚበቃ በረዶ ገና አልተሠራም። መሐንዲሱ ጓሮ ሆኖ ለጀልባ ገዢው ስለ ጉድጓዱ ሲያስረዳ ፉጨቱ እየቀጠነ ሄደ። አምፖሎቹ ቀሉ። ጠፉ።

መሐንዲሱ ወደ ጉድጓዱ ሮጠ። ሙቅ ውሃው በራሱ ግፊት እየፈሰሰ ነው። ፓምፑን ነካ፣ የጋዙን ግፊት አየ። ሁለቱም ወገን እኩል ሆኗል። ጀልባ ገዢው ሰዓቱን እያየ «እንግዲህ ወደ ጉዳያችን እንግባ» አለ።

መሐንዲሱ አልሰማውም። ቀዝቃዛውን ቱቦ ተከትሎ ወደ ውስጥ ገባ። ቱቦው መሣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት መጋጠሚያው ተፈትቶ ጎማ ተቀጥሎበታል፤ ጎማው ትልቁ የዓሣ ገንዳ ውስጥ ገብቷል። አጎቱ ጎማውን ይዘው በውስጡ የቀረውን ውሃ ዓሣው ላይ ያንጠባጥባሉ።

«ጋሼ! ምን አደረጉ?»

«ምን አደረግሁ? ይሄን የመሰለ ብርድ ወደ ባሕር ሲፈስ ዝም ብዬ ልይ? እኔ በረዶ ነጋዴ ነኝ! ቅዝቃዜ ሲባክን ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም!»

«መሣሪያው እኮ ቆመ!»

«ሙቁን መቼ ነካሁብህ? ሙቁ ያው ነው!»

«ልዩነቱ ነው ብዬዎት ነበር!»

«አዎ ብለኸኛል። የኔ ሰውነት ግን ሥራ የሚሠራው ሙቀት፣ የሚሸጠው ብርድ ነው ብሎ የለመደ ነው። ምን ላድርገው?»

ይህ ስህተት ከበረዶ ነጋዴ በቀር የማንም ሊሆን አይችልም። መሐንዲሱ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ገንዳው ውስጥ ግን ዓሣው ገና ከባሕር የወጣ ይመስል ሲያብረቀርቅ አየ። መጋጠሚያውን መልሶ አሰረና ሞተሩን አስነስቶ ፓምፖቹን አስጀመረ። ፉጨቱ ሲመለስ የአጎቱን እጅ ይዞ ከመሣሪያው ጀርባ በሚወጣው ውሃ ሥር አደረገው።

«ይንኩት።»

አጎትየው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ይሄ እኮ ገና ብርድ ነው!»

«መሣሪያው ከብርዱ የሚወስደው ጥቂት ነው።»

«ታዲያ ለምን ወደ ባሕር ትደፋዋለህ?»

መሐንዲሱ ሥዕሎቹን በሐሳቡ ገለጠ። ሥዕሉ ላይ ውሃው ወደ ባሕር የሚመለስ ነው። የተማረበት ቤተ ሙከራ አጠገብ የሚበሰብስ ዓሣ አልነበረማ።

«ስላላሰብኩት ነው፣ ጋሼ» አለ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ላንተ ይሥራ፣ ቀጥሎ ለኔ።»

«ለእኛ በል» አለች የአጎቱ ሚስት ጎማውን እየተቀበለች። «ዓሣውን የምሸጠው እኔ ነኝ።»

ከመሣሪያው የወጣው ውሃ ወደ ገንዳው ተዞረ። አጎትየው ትንሽ ቆመው ተርባይኑን፣ አምፖሉን፣ ዓሣውን ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ወደ ጀልባ ገዢው ዞሩ።

«ወንድሜ፣ በከንቱ አደከምኩህ። ጀልባዋ አትሸጥም። ዓሣ ግን ግዛ፤ ትኩስ ነው።»

ሰውየው ኮቱን እያራገፈ ጥቂት አጉረመረመ፤ ዓሣውን ግን ገዛ።

ዛሬ ያ ወደብ የሚያገኘውን ጥቅም ማንም ሄዶ ሊያየው ይችላል። ጥልቁ ውሃ መጀመሪያ ተርባይኑን ያሠራል፣ ቀጥሎ ዓሣውን ያቀዘቅዛል፤ በረዶ በብዛት የሚያስፈልገው ለሩቅ ገበያ ብቻ ሆኗል። ሙቁ ውሃ ከመሣሪያው ሲወጣ ጥቂቱ ሳጥን ይታጠብበታል፤ የቀረው ጉድጓዱ እንዳይደርቅ በሌላ ጉድጓድ ወደ መሬት ይመለሳል። ሳጥኑ በሙቅ ውሃ ስለሚታጠብ ሽታው ጠፍቷል፤ ዓሣ በልቶ የሚታመም ሰውም ቀንሷል። ናፍጣ የሚገዛው አሮጌውን ሞተር አልፎ አልፎ ለመሞከርና መሣሪያው ሲጠገን ብቻ ነው። ጉልበቱ ከተማ ሙሉ አያበራም፤ ያበራል የሚል ሰው ቢመጣ አትመኑት። ለአንድ በረዶ ቤትና ለጎረቤቶቹ ግን ይበቃል። የሚበጅ ለውጥም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው፦ አዲሱ ሰው ሥዕሉን ያመጣል፣ ነባሩ ሰው ሥዕሉ የረሳውን ያስታውሳል፤ ሁለቱም ተሳስተው ካልተቀያየሙ ሥራው ይሠምራል።

የመሐንዲሱ ሻንጣ ከአልጋው ሥር ወጥቶ ተራገፈ፤ አሁን መፍቻ ይቀመጥበታል።

በዚያ የሙከራ ቀን ማምሻ ላይ አጎትየው ከሚስታቸው አጠገብ ቆመው፣ እንደ ልማዳቸው ግድግዳ በሚያርድ ድምፅ፣ «ሳጥኑን ወደዚህ!» አሉ። ሁሉም ሰው ደንግጦ ዞረ።

«ምን ያስጮህሃል? ሞተሩ እኮ ዝም ብሏል» አለች ሚስታቸው።

አጎትየው ዙሪያውን አዳመጡ። ውሃው ገንዳው ውስጥ ሲወርድ፣ ባሕሩም ከበሩ ወዲያ ድንጋዩን ሲመታ ይሰማል። በዚያ ቤት ከዚያ በፊት ባሕሩን የሰማ ሰው አልነበረም።

«ሳጥኑን ወደዚህ» አሉ እንደገና፣ በለሆሳስ። መሐንዲሱ ቀና ብሎ አያቸው። ድምፃቸው ልክ እንደ አባቱ ነበር።