ዶክተር ወይንሸት ጥላዬ እና ምድር ቤት የቀረው ሥራ

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከሮዝዌልም ከኮሌጅ ፓርክም ሥራችሁን ጥላችሁ ልትሸኙልን የመጣችሁ ወገኖች፤ ቤት ውስጥ «አንቺ» የምላትን ታላቅ እህቴን ዛሬ በጉባኤ ፊት «እርሳቸው» እያልኩ ዜና ሕይወታቸውን የማነበው እኔ አሸብር ጥላዬ ነኝ።

ዶክተር ወይንሸት ከአባታቸው ከአቶ ጥላዬ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኪዳነምሕረት በቀለ በ1954 ዓ.ም. በፍቼ ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን በዚያው አጠናቀው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ማጥናት እንደ ጀመሩ፣ በዘመኑ ችግር አቋርጠው በሱዳን በኩል ተሰደዱ፤ አትላንታ ከገቡም በኋላ ኮሌጅ ፓርክ ሆቴል እያጸዱ ያቋረጡትን ቀጥለው፣ ዶክትሬታቸውን ይዘው በዚሁ ከተማ ተመራማሪ ሆኑ። የሆቴሉን እንግዶች ከኤርፖርት ያመላልሱ የነበሩትን አቶ ቶሎሳ ገመቹን አግብተውም ኤልቃናንና መዓዛን ወለዱ።

ሥራቸው ምን እንደ ነበረ ብዙዎቻችን ጠይቀን፣ ብዙዎቻችን ሳይገባን ቀርቷል። ስላይም ሞልድ የሚባል፣ በበሰበሰ ግንድ ላይ የሚሳብ፣ ሻጋታ የሚመስል ግን ሻጋታ ያልሆነ፣ ሰው የማይጎዳ ቢጫ ፍጥረት አለ። በሕዋሱ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ሚቶኮንድሪያ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ ያንን ረጅም ክር አጣጥፈው የሚይዙ ፕሮቲኖችም አሉ። እህቴ የጠየቁት፣ ክሩ እንዲህ ጠብቆ ተጠቅልሎ ሳለ ሥራውን እንዴት ሊሠራ ቻለ የሚለውን ነው፤ ሻንጣ ውስጥ የታጠፈን ነጠላ ሻንጣው ሳይከፈት እንደ መልበስ ያለ ነገር ነው። መልሱን ለማግኘት ከፕሮቲኖቹ አንዱ የተለወጠበትን የዚያን ቢጫ ፍጥረት ዘር ለዓመታት ደክመው አዘጋጁ።

ከስድስት ዓመት በፊት ቤተ ሙከራው ለጥገና ሲዘጋ ያንን ዘር ስኔልቪል ወዳለው ቤታቸው ወስደው፣ ምድር ቤት ጨለማ ውስጥ በሳህን አድርገው አጃ እየመገቡ አቆዩት። በዚያው ሰሞን አቶ ቶሎሳ በድንገት ዐረፉ። የእድራችን እናቶች እንደ ወጉ ቤቱን ለለቀስተኛ ሊያሰናዱ ገብተው ሳለ፣ ጽዳት የሚወዱት ወይዘሮ ገበያነሽ ምድር ቤት ያገኙትን ቢጫ ነገር፣ ሐዘን የገባበት ቤት ሻጋታ አይታይበትም ብለው ከነሳህኑ ጣሉት፤ ቦታውንም በበረኪና አጠቡት።

እህቴ ይህን ሲያውቁ ለባላቸው ካፈሰሱት እንባ ምን ያህሉ ለዚያ እንደ ሆነ እግዜር ይወቅ፤ ወይዘሮ ገበያነሽን ግን አንድ ክፉ ቃል አልተናገሯቸውም። አርባው እንደ ወጣ ከሀ ጀመሩ። ባልደረቦቻቸው ሌላ ርዕስ ቢይዙ እንደሚሻል ሲመክሯቸው እምቢ አሉ። ግትር ነበሩ፤ ከአባታችን የወረሱት ነው፣ እኔም ድርሻዬን አላጣሁም።

ካንሰር የተገኘባቸው አዲሱ ዘር በተዘጋጀ ማግስት ነበር። ከቤት መውጣት ሲያቅታቸው ዘሩን ወደ ምድር ቤቱ አስመጥተው፣ ከአልጋቸው ሆነው ተማሪያቸውን ፍፁምን እያዘዙ ሙከራውን ቀጠሉ። በቤተ ሙከራው የቀረው ስለ ሞተ አሁን ያለው ያ አንድ ሳህን ብቻ ነው። የሚፈልጉት መልስ ሳይገኝ፣ ባለፈው ማክሰኞ በስድሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ዶክተር ወይንሸት ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ እኔን ወንድማቸውንና ያላለቀ ሥራቸውን ትተውልን ሄደዋል።

ከቀብር በኋላ ወደ ቤታቸው ለምትሄዱ እናቶች ያስተላለፉት ቃል አለ። ከማረፋቸው በፊት እጄን ይዘው፣ «አሸብር፣ እኔ ስሞት መጥተው ቤቱን ማጽዳታቸው አይቀርም። ምድር ቤት እንዳይገቡ በዜና ሕይወቴ ላይ ንገርልኝ፤ ሥራው አላለቀም» አሉኝ። ይኸው ነግሬአለሁ። ፍፁም ከዚህ ሲመለስ ሳህኑን ይወስደዋል፣ ሙከራውንም ይጨርሰዋል። ወይዘሮ ገበያነሽን በመካከላችሁ ፈልጋችሁ ካጣችኋቸው፣ እስከዚያ ድረስ ማንም እንዳይገባ ምድር ቤቱ በር ላይ ወንበር አድርገው ተቀምጠው ነው።

ዓይን የማያየውን ፍጥረት እንኳ የማይረሳ አምላክ የእህታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለልጆቻቸውም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።