ባልዲ ውስጥ ያደረ ብረት

«ስሚኝ እመቤት፣ ልብስሽን ሌላ ቦታ እጠቢ! ግድግዳዬን አስለቀስሽው እኮ!»

«እኔ ልብስ ሰፊ እንጂ ልብስ አጣቢ አይደለሁም፣ ጋሼ። ደግሞም ቧንቧው ከጠዋት ጀምሮ ደርቋል። በምን ልጠብ? በምራቄ?»

ከሥራ ስመለስ የደረስኩት እዚህ ላይ ነበር። አዛውንቱ ለሳኝ ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆመዋል፤ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ልብስ ሰፊ ደግሞ መርፌ በከንፈሯ እንደያዘች በሯ ላይ ቆማለች። እኔን ሲያዩ ሁለቱም ዳኛ ያገኙ መሰላቸው። እኔ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ያልዘለቅሁ ሰው ነኝ፤ በገዛ ቤቴ እንኳ የምፈርደው ባለቤቴ ከፈረደች በኋላ ነው። ቢሆንም የሚለሰነው ቤት የእኔ ስለሆነ ማምለጫ አልነበረኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ሊኖሩ ስለሆነ ሰፊውን ክፍል በጂፕሰም ቦርድ ለሁለት እያስከፈልኩ ነበር። ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው እኒሁ አዛውንት፣ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። የለሰኑት ግድግዳ ጢም ያስላጫል ስለሚባል ሰፈርተኛው «ጋሽ መስታወት» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ስሙን አይጠሉትም። ሁለተኛዋ የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት አንስተው ያሳደጓት እሳቸው ሲሆኑ፣ ዘንድሮ ከሙያ ትምህርት ቤት ተመርቃ አብራቸው ትሠራለች።

«ና ግባና ተመልከት» አሉኝ ጋሽ መስታወት እጄን ይዘው። «እኔ ውሸት አላወራም።»

ገብቼ አየሁ። የመጀመሪያው ነጭ ቀለም በተቀባው ግድግዳ ላይ፣ ቦርዶቹ የተገጣጠሙበትን መስመር ተከትለው፣ የሻይ ቀለም ያላቸው ነጠብጣቦች ወጥተዋል። ግድግዳው ማዲያት ያወጣ ይመስላል።

ልጅቱ ጥግ ላይ ቁጢጥ ብላ መሣሪያዋን ስትወለውል ነበርና ቀና አለች። «ጋሼ፣ ቅድምም ነግሬዎት ነበር፤ ይሄ የላይ ቤት ውሃ አይደለም። ዝገት ነው።»

«ዝገት ከየት ይመጣል? ግድግዳው ሚስማር በልቷል?»

«ከስፓቱላዎ።»

ስፓቱላ ማለት ስቱኮውን፣ ያን ነጭ የግድግዳ ማለስለሻ ሊጥ፣ ግድግዳ ላይ የሚዘረጉበት ሰፊ ስስ ብረት ነው። የጋሽ መስታወት ስፓቱላ በሙያው ቋንቋ ካርቦን የሚሉት ጥቁር ብረት ሲሆን ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ አብሯቸው የኖረ ነው። እጀታው በመዳፋቸው ልክ ተበልቷል። ታዲያ አንድ ልማድ አላቸው፤ ሥራ ሲያቆሙ ስፓቱላውን ውሃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አቁመውት ይሄዳሉ። «ብረትም እንደ ሰው ሌሊት ይጠማዋል» ብለው ያስተማሯቸው መምህራቸው ናቸው። ጠዋት ያወጡትና አንዴ ቀኝ ጉልበታቸው ላይ ጠረግ አድርገው ይጀምራሉ። የሱሪያቸው ቀኝ ጉልበት ለምን ሁልጊዜ ቀይ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። እኔ ስንት ዘመን ሙሉ ጸሎት የሚያበዙ መስሎኝ ሳከብራቸው ኖሬአለሁ።

«መምህሬ በዚህ ብረት ስንት ቤት ለሰኑ!» አሉ ጋሽ መስታወት። «አንድም ሰው ዝገት ብሎ አያውቅም።»

«አዎ ጋሼ፣ ያኔ የምትለስኑት በሲሚንቶ ነበር። ሲሚንቶ ግራጫ ነው፤ ዝገት ቢጠጣስ ማን ያየዋል? ስቱኮ ግን ነጭ ነው፣ ከተቀባም በኋላ ነጭ ሆኖ መቅረት አለበት። ደግሞ ይመልከቱ፤ በቀኝ በኩል ያለውን መስመር የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በማይዝገው ብረት። አንድ ነጥብ የለበትም።»

«ውሃው ወደ እኔ በኩል አዘንብሎ ነዋ የወረደው!»

«እንግዲያው እርስዎን መርጦ የሚያጠቃ ውሃ ነው» አልኳቸው ዝም ማለት አቅቶኝ። ገላመጡኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጋሽ መስታወት ግን ሞኝ አይደሉም፤ እጃቸው የሚያውቀውን አፋቸው እንዲክድ ስላልፈለጉ ነው። ይህን የምለው አሁን ነው። ያን ሰዓትማ አማቴ መጥተው ማዲያታም ግድግዳ ስር ሲተኙ፣ በማግስቱም የሚሉኝን እያሰብኩ ነበር።

እሳቸው ሊታጠቡ ሲወጡ ልጅቱ ወደ እኔ ጠጋ አለች።

«ጋሼ፣ እርስዎን ይሰሙዎታል። አንድ ተቋራጭ ከሠራተኞቼ ጋር ግቢ ብሎኛል። ቅዳሜ መልስ ይጠብቃል።»

«ልትሄጂ ነው?»

«መሄድ አልፈልግም። ትከሻቸውን እኮ ያውቁታል፤ እጃቸውን ጣሪያ ድረስ አያነሱም። እኔ ከሄድኩ ጣሪያ የሚባል ሥራ ቀረባቸው፤ ጣሪያ የማይሠራ ለሳኝ ደግሞ ማን ይጠራዋል? ግን የተማርኩትን ስናገር አንድ ቀን እንኳ ‘እስቲ’ ብለውኝ አያውቁም። እስቲ እንሞክር፣ እስቲ አሳዪኝ… ይቺን ቃል ካጣሁ አብሬያቸው ሆኜ ምን እሠራለሁ? ባልዲ እሸከማለሁ እንጂ።»

ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ የስቱኮ አቧራ ነው አለችኝ። እኔም አቧራ ነው ብዬ ተቀበልኳት።

እንግዲህ ዳኛ ካደረጉኝ ልፍረድ ብዬ ሁለቱንም ጠራሁና አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ከሥራው የተረፈ ቁራጭ ቦርድ ግቢው ውስጥ ነበር። ሰማይ እንጂ ፎቅ በላዩ የሌለበት ቦታ እናቁመው፤ ጋሽ መስታወት ነገ ጠዋት ስፓቱላቸውን ከባልዲው አውጥተው እንደ ልማዳቸው ግማሹን ይለስኑ፣ ልጅቱ በራሷ ብረት ግማሹን፤ ሲደርቅ ሁለቱም ቀለም ይቀቡና እንይ።

«ይሁን» አሉ በንቀት። ልብ በሉ፤ «እስቲ» አላሉም።

በማግስቱ እንደተባለው አደረጉ። ቀለሙ ሲደርቅ ወጥተን አየን። የልጅቱ ግማሽ እንደ ወተት ነጭ ነው። የጋሽ መስታወት ግማሽ ላይ ግን ያው ማዲያት ብቅ ብሏል። ጋሽ መስታወት ቀስ ብለው ወደ ሰማይ አንጋጠጡ።

«እዚያ ልብስ የሚያጥብ የለም፣ ጋሽ መስታወት» አልኳቸው።

አልሳቁም። ቦርዱን በጣታቸው ዳበሱት፣ ጣታቸውን አዩት፣ ከዚያ የሱሪያቸውን ጉልበት አዩት። ቆይተው የልጅቱን ስፓቱላ ተቀበሏትና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ገፋ አድርገው አጎበጡት።

«አይዝግም፣ እሺ አምኛለሁ። ግን አይታዘዝም፤ እንደ ጣውላ ነው። የእኔ ብረት ግድግዳው ጎበጥ ሲል አብሮ ይጎብጣል፣ ቀና ሲል ይቀናል። በዚህ በደረቁ የመጨረሻዋን ስስ ሽፋን እንዴት ታወጫለሽ?»

«አላወጣትም» አለች ልጅቱ።

እኔም እሳቸውም ዞር ብለን አየናት።

«እውነቴን ነው፤ ጠርዙ መስመር እየተወ አስቸግሮኛል። ኋላ በብርጭቆ ወረቀት ስፍቅ ነው የምውለው። የእርስዎ ብረት ለመጨረሻዋ ሽፋን ይበልጣል፤ ስስ ነው፣ እንደ ምላስ ይተጣጠፋል። እኔ ብረቱን ይጣሉት አላልኩም እኮ፣ ጋሼ። ከባልዲው ያውጡት ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ትናንት እንዲህ አትይም?»

«ትናንት መቼ አስጨረሱኝ?»

ጋሽ መስታወት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ወደ ሌላ ቦታ ተመለከትኩ፤ አንዳንዴ የዳኛ ሥራ ይኸው ነው።

«ቀጥይ» አሏት።

«የመጀመሪያውን ወፍራሙን ሽፋንና የቦርዶቹ መጋጠሚያ ላይ ቴፑ የሚለጠፍበትን በማይዝገው እንሥራ። ስቱኮ የምናቦካበትም ዕቃ የማይዝግ ይሁን፤ ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ የሚውለው እሱ ነው። ስንጨርስ ለቅለቅ ማድረግ ይበቃዋል። የመጨረሻዋን ሽፋን እርስዎ በጥቁሩ ይወርዱባታል። ግን ማታ ማታ ይታጠብ፣ በጨርቅ ይድረቅ፣ ስስ ዘይት ይቀባና ተጠቅልሎ ይደር። ጠዋት ዘይቱን ጠርጎ መጀመር ነው፤ ዘይቱ ራሱ ከቀረ ቀለም አያስይዝም።»

«ዘይት?» አሉ ጋሽ መስታወት። «የእኔን ጉልበትና ትከሻ ማን ዘይት ቀብቶት ያውቃል?»

«እርስዎንም ባልዲ ውስጥ የሚያሳድርዎት የለም።»

ያን ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸው ትከሻቸውን ሳያመው አልቀረም፤ በሌላ እጃቸው ያዝ አደረጉት። ከዚያም ጥቁሩን ስፓቱላ ወደ ልጅቱ ዘረጉና፣ እኔ ያን ቃል ለመስማት ትንፋሼን ይዤ ሳለ፣

«እስቲ አሳዪኝ» አሏት።

ልጅቱ ወዲያው አልተቀበለቻቸውም። አቧራው እንደገና ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ነበር።

የቀረው ሥራ ብቻ ነው። ብረቱን እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ አደረቁት፣ ዘይት ቀቡት። የግድግዳዬን ማዲያት ፍቀው ዝገት በማያሳልፍ የዘይት ቀለም ሸፈኑትና እንደገና ስቱኮ አለበሱት። ጣሪያውን እሷ ሠራችው፤ እሳቸው ከታች ሆነው «ግራ፣ ግራሽን ነው የምልሽ!» እያሉ ተቆጣጠሩ። ቅዳሜ ተቋራጩ ሲደውል «ሥራ አለኝ» ስትለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚህ ያገኘሁትን ሳልሸሽግ ልንገርህ። የማይዝግ ብረት ለሰነፍም ለትጉህም ይሠራል፤ ከውሃ ጋር ለሚውል ሥራ እሱ ይሻላል፣ ነጩን ነጭ አድርጎ ይተዋል። ጥቁር ብረት ግን የሚመቸው ለሚንከባከበው ሰው ነው፤ ማታ ጥቂት ደቂቃ ከሰጡት ጠዋት የማይታዘዘው ግድግዳ የለም። ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥህ በፊት ብረቱ የት እንደሚያድር ጠይቅ። የቆየ ልማድም እንዲሁ ነው፤ መምህሩ ሲያስተምሩት ሲሚንቶ ብረቱ ላይ ደርቆ እንዳይቀር የሚል ምክንያት ነበረው፣ ሲሚንቶው ሲቀየር ምክንያቱ አብሮ ሄደ፣ ባልዲው ግን ቀረ። ልጆቻችን ይህን ሲነግሩን ቢያንስ አስጨርሰን ብንሰማቸው ቤታችንም አይዝግም።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ክፍሉ ያለቀ ዕለት ጋሽ መስታወት ንጹሕ ሱሪ ለብሰው፣ እኔን ለድፍረት አስከትለው ደረጃውን ወጡና የልብስ ሰፊዋን በር አንኳኩ። መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች ከፈተች።

«እመቤት፣ ያለ ጥፋትሽ ጮኼብሻለሁና ይቅርታ አድርጊልኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «ነገሩን አጣርተናል። ጥፋቱ የብረቱ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ መርፌውን ከከንፈሯ አወጣች፤ ክሩንም ጎተት አደረገችው።

«ለመሆኑ ብረቱ ባልዲው ውስጥ የገባው በእግሩ ሄዶ ነው?»