ብርድ ልብስ የደረበችው በለስ

በእኛ ጊዜ ልብስ የሚለብሰው ሰው ነበር፤ ዛፍ አልነበረም። ምን ያስቃችኋል? እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣሁ በኋላ ግን ከእኔ የበለጠ የተደራረበላት ዛፍ በገዛ ጓሮዬ አይቻለሁ፤ አይቻለሁ ማለት እንኳ ያንሳል፣ ላርመው፤ ሲያለብሷት ቴፑን ይዤ ቆሜያለሁ።

ዛፏ የባለቤቴ የየሺ በለስ ናት። ራሷ ተክላ፣ ራሷ ኮትኩታ ነው ያሳደገቻት፤ ነሐሴ ሲመጣ ፍሬዋን ለጎረቤት ስታድል የንግሥት ያህል ትኮራለች። ታዲያ አምና ቅጠል ሲረግፍ የሺ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ልትደረግ ሆነ፤ እና ደረጃ የሌለው ቤት ይሻላታል ተብሎ ክረምቱን አሌክሳንድሪያ ልጃችን ዘንድ እንድትከርም ተወሰነ። ከመሄዷ በፊት ታዲያ በለሷን አሰናዳቻት፤ ሥሯን በደረቅ ቅጠል ከደነችው፣ ግንዷን በጆንያ ጠቀለለችው፣ ጫፏን ክፍት ተወችው። እና እኔን ጠርታ፣

«ስማኝ የኔ መምህር፣ ሥራው አልቋል። አንተ ምንም አታድርግ። ምንም! ስመለስ እንደተውኳት ላግኛት።»

«ምንም አለማድረግማ አያቅተኝም» አልኳት። ለካስ ከሥራ ሁሉ የሚከብደው እሱ ኖሯል!

የሺ በሄደች በሳምንቱ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ ሁለት ሰዎች ሊጠይቁኝ መጡ። አንዱ ጓደኛዬ ታደለ ነው፣ የውድብሪጁ፤ አሜሪካ ቀድሞን ስለመጣ በረዶውንም እሱ ያስጀመረው ይመስለዋል። ሌላው ዘውዱ ነው፣ የስፕሪንግፊልዱ፤ በዕድሜ ታናሻችን ነው፤ ዕቃ መግዛት ዕውቀት መግዛት የሚመስለው ሰው ነው።

ታደለ በመስኮት አሻግሮ አያትና፣ «መምህር! ይቺን ፍጥረት ምነው ማቅ አለበስካት? ማን ሞተባት?» አለኝ።

«የሺ ናት ያለበሰቻት፤ ደግሞም...»

«ወይዘሮ የሺማ ታማ ነበር፤ አቅም አንሷት ነው። ቆየኝ!» አለና ከመኪናው አንድ ትልቅ ብርድ ልብስ ይዞ መጣ።

ዘውዱ ደግሞ፣ «ብርድ ልብስማ ውሃ ይጠጣል ጋሼ፤ በላዩ ፕላስቲክ ካልገባ ፍሪዝ ታደርጋለች። ቪዲዮውን ቼክ አድርጌዋለሁ!»

እስቲ ፍረዱኝ ልጆቼ፣ ሊጠይቅ የመጣ እንግዳ እምቢ ይባላል? ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ሳርም ኖሬ፣ ለእንግዳ ስሕተት የሚሆን ቀለም አጣሁ። ታዲያ ታደለ ብርድ ልብሱን ከአናቷ እስከ እግሯ ጠመጠመ፣ ዘውዱ ፕላስቲኩን በላዩ ጎተተ፣ እኔ ቴፕ አቀበልኩ፤ እና ሲጨርሱ ወደ ኋላ ብለው እንደ ሙሽራ አዩአት። ታደለ እጁን ዘርግቶ ጸለየላትም። በጸሎቱ ቅር አላለኝም፤ በዚያን ቀን ከተደረገላት ሁሉ ያልጎዳት እሱ ብቻ ነው።

የሺ ትደውላለች፤ «በለሴ ደህና ናት?»

«ሞቋታል» እላለሁ። ውሸት አይደለም እኮ!

ታዲያ የካቲት ላይ ፀሐይ ሞቅ ሞቅ አለች። በለሷ በፕላስቲኩ ውስጥ ላብ አጠመቃት፤ ምስኪን፣ ብርዱ ያለፈ መስሏት አቆጠቆጠች፤ እና ብርዱ ተመልሶ መጣና ለጋውን ከነቅርንጫፉ አደረቀው። ይህን ሁሉ ያወቅነው ግን በኋላ ነው፤ ማን ገልጦ አይቷት!

ሚያዝያ ላይ የሺ በከዘራ እየተደገፈች መጣች፤ ቤት ሳትገባ ወደ ጓሮ አለፈች፤ እና ቆማ አየቻትና፣ «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ። ገፈፈቻት። ቅርንጫፉ በእጇ ቀጭ፣ ቀጭ አለ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ በተሻለኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱ እንኳን መጣሽ ሊሏት መጡ። «ይህ ብርድ ልብስ የማን ነው?» አለቻቸው።

ታደለ፣ «እኔ እንኳ ጌታ የፈጠረው ዛፍ ልብስ አያሻውም ባይ ነኝ!»

ዘውዱ፣ «እኔ ቴፕ ብቻ ነው ያቀበልኩት!»

አያችሁልኝ? የእኔን ሥራ ወሰደብኝ!

የሺ የደረቀውን ከሥሩ ቆረጠች፣ ቅጠሉን እንዳለ ተወችው፤ ብርድ ልብሱንና ፕላስቲኩን ጠቅልላ በጥቁር ከረጢት ጋራዥ ውስጥ አስቀመጠችው። ታዲያ ሰኔ ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ? እሷ በቅጠል ከሸፈነችው ሥር ቡቃያ ወጣ! ለምለም፣ ቀጥ ያለ ቡቃያ። ይህን ሲሰሙ ሰዎቻችን ሳይጠሩ መጡ።

«አላልኩም?» አለ ታደለ፣ ገና ሳይቀመጥ፤ «ያ ብርድ ልብሴ ባይኖር ሥሯ ይተርፍ ነበር?»

«ኧረ ፕላስቲኬ ነው!» አለ ዘውዱ።

የሺ ቀስ ብላ ተነሣች፤ ከጋራዥ ከረጢቱን ይዛ መጣች። «ተመስገን! ባለቤቱን ስፈልግ ከርሜ ነበር፤ ዛሬ ራሱ መጣ» ብላ ብርድ ልብሱን ከታደለ ጭን ላይ አኖረችው።

«አዎ፣ ይኸው፣ የራሴው ነው!» ብሎ ሲዘረጋው፣ አንዲት አይጥ ከነልጆቿ በለበሰው ሱፍ ላይ ዱብ! ታደለ ሶፋው ላይ ወጣ። ዘውዱ በር ላይ ደርሷል፤ የሺ ከኋላው፣ «ኧረ ፕላስቲክህን!» ትለዋለች። «ከእንግዲህ በለሴ ጆንያዋን ብቻ ትለብሳለች፤ ምክር ያለው ሰው ብርድ ልብሱን ራሱ ደርቦ ይምጣ!»

ምን አልሽ የኔ ልጅ? «ጋሼ፣ እርስዎስ ያኔ የት ነበሩ?»

እኔማ እዚያው ቆሜ ነበር። ላርመው፤ ወንበር ላይ ቆሜ ነበር።