ሰኞ በአሥር ሰዓት የሚደወለው ስልክ

«አባባ፣ መኪናው የእኔ ነው! ልምረጥ ስል ይሄዳል፣ ልቅር ስል ይቆማል!»

«ቤንዚኑ ግን የእኔ ነው። በእኔ ቤንዚን ሄደህ ለእነዚያ ወረበሎች ድምፅ አትሰጥም!»

«ወረበላውስ የእርስዎ ሰውዬ ነው! ሃያ ዓመት ሙሉ መንገድ እሠራለሁ እያለ በጭቃ ያስኬደን!»

የዛሬ ሰማንያ አንድ ዓመት፣ በሰኔ ወር፣ ክፍለ ሀገራችን አዲስ መንግሥት በሚመርጥበት ቀን፣ አቶ ዋሲል ኮስተኑክና አማታቸው ግቢ ውስጥ በአንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ግራና ቀኝ ቆመው እንዲህ ሲጨቃጨቁ፣ የአቶ ዋሲል ባለቤት ወይዘሮ ፓራስካ ከቤት ውስጥ ምጥ ይዟቸው ነበር። ጭቅጭቁ አላልቅ ሲላቸው በመስኮት ብቅ ብለው «ሁለታችሁም ሂዱ! የአንዳችሁ ድምፅ የሌላውን ያጣፋዋል፤ ብትሄዱም ባትሄዱም ያው ነው። አዋላጇን ሳትይዙ ብትመለሱ ግን ወዮላችሁ!» አሏቸው። ሁለቱም ተኮራርፈው ሄዱ፤ አዋላጇን በመካከላቸው አስቀምጠው ሲመለሱ ሕፃኗ ቀድማቸው ተወልዳ አገኟት። ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው ውድ አያታችን፣ ወይዘሮ ቨርና ፒድሉብኒ፣ የልጅ ልጆቻቸው «ባባ» የምንላቸው፣ ወደዚህ ዓለም የመጡት በዚህ ሁኔታ ነበር።

ባባ ቨርና ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሲሆኑ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ወንድማቸው አቶ ኦረስት ተወለዱ፤ ከሁለቱ ሌላ ልጅ በቤቱ አልነበረም። በብርድ ወራት በረዶው መንገዱን ሲደፍነው ሁለቱ በአንድ ፈረስ ተፈናጥጠው ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር፤ መምህሯ የአንዱን ስም ስትጠራ ሌላው «አቤት» ይል ነበር ይባላል። ባባ ትምህርታቸውን ጨርሰው በመምህርነት ከተመረቁ በኋላ ወደዚህችው ከተማችን ወደ ሃርተን ተመልሰው ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጆችን አስተማሩ። የእህል ማከማቻው ኃላፊ ከነበሩት ከአቶ ሃሪ ፒድሉብኒ ጋር በዚህችው ቤተ ክርስቲያን በተክሊል ተጋብተው፣ እናቴን ማርሊንንና አጎቴን ዴልን በከተማችን ሆስፒታል ወለዱ።

ባባ ጋዜጣ ላይ መጻፍ የጀመሩት በንዴት ነው። በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በጊዜው የነበሩት ፕሪሚየር፣ ማለትም የክፍለ ሀገሩ መሪ፣ ወደ ሃርተን መጥተው ገና ያልተሠራ መንገድ መርቀው ሲሄዱ፣ ባባ ለከተማችን ሳምንታዊ ጋዜጣ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤው «ፕሪሚየራችን መጡ፤ ሪባኑም መጣ፤ መቀሱም መጣ፤ መንገዱ ግን ጭቃ ይዞት ቀረ» ብሎ ይጀምር ነበር። አዘጋጁ አቶ ቴድ ማክሬ ስልክ ደውለው «ወይዘሮ ቨርና፣ በየሳምንቱ እንዲህ መናደድ ከቻሉ አራተኛው ገጽ ላይ ቦታ አለኝ» አሏቸው። ባባም ለአርባ ሦስት ዓመት በየሳምንቱ መናደድ ቻሉ። ዘጠኝ ፕሪሚየሮች በዚያ ገጽ አለፉ። «ዝናብ ሲዘንብ ያዘነበው መንግሥት ነው፤ ሲጠፋ ግን ያጠፋው እግዚአብሔር ይሆናል» ያሉት እሳቸው ናቸው። ይሁንና ጎርፉ በመጣ ጊዜ ማንንም ሳያስከትሉ መጥተው አሸዋ በጆንያ ሲሞሉ የዋሉትን ፕሪሚየር፣ የማይመርጧቸው ሰው ቢሆኑም፣ አንድ ሙሉ ዓምድ ሰጥተው አመስግነዋቸዋል።

በእኛ በኩል በጎረቤቱ ቅር የተሰኘ ሰው መኪናውን አስነስቶ፣ ጎረቤቱ ግቢ ሄዶ፣ ነገሩን ለራሱ ለባለቤቱ ይነግረዋል እንጂ አስቀድሞ ለሌላ ሰው አያወራም። ዋናው ከተማ የአራት ሰዓት መንገድ ስለሆነ ባባ ወደ ሚኒስትሮቹ ግቢ መሄድ አልቻሉም፤ ስለዚህ ይደውሉላቸው ነበር። ጋዜጣው ሐሙስ ስለሚወጣ፣ ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የሚወቅሱትን ሰው በስልክ አስጠርተው ዓምዱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነቡለታል። መጀመሪያ ጸሐፊዎቹ ሳቁባቸው፤ በኋላ ግን ባለሥልጣኖቹ ራሳቸው ሰኞ በአሥር ሰዓት ወንበራቸውን አይለቁም ነበር። አንድ ጊዜ ፕሪሚየር ክላይቭ ራውንትሪ እስከ መጨረሻው ሰምተው «ወይዘሮ ቨርና፣ 'ቂል' የምትለዋን እንኳ ያውጡልኝ፤ እናቴ ጋዜጣውን ታነባለች» ብለው ለመኗቸው። ባባም «እሺ፣ በምን ልተካት?» ቢሏቸው «'ቸኩለዋል' ቢሉኝስ?» አሉ። ሐሙስ ጋዜጣው «ቸኩለዋል» ብሎ ወጣ። ባባም ለፕሪሚየሩ እናት ሰላምታ ላኩ።

ይህን ልማድ ባባ አንድ ጊዜ ብቻ አፈረሱ። የዛሬ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ወንድማቸው አቶ ኦረስት ተመርጠው የጤና ሚኒስትር በነበሩበት ወቅት፣ መንግሥት በትናንሽ ከተሞች ያሉ ሆስፒታሎች እንዲዘጉ ወሰነ፤ የሃርተን ሆስፒታልም ተዘጋ። አቶ ኦረስት ሐኪም ስለጠፋ ነው ብለው አስረዱ፤ እውነትም ሐኪም ጠፍቶ ነበር። ባባ ግን «ወንድሜ ሚኒስትር ሆኖ ወደ ተወለደበት ከተማ ሲመለስ፣ ይዞልን የመጣው ቁልፍ ነው፤ የመጣውም ሊቆልፍ ነው» ብለው ጻፉ። ሰኞ አሥር ሰዓት ሆነ፤ ባባ ስልኩ አጠገብ ተቀምጠው ሳይደውሉ አመሹ። ሐሙስ ዕለት አቶ ኦረስት በሥራ ምክንያት እዚሁ ሃርተን ነበሩና፣ ምሳ እየበሉ ሳለ ሰው ከጎረቤት ጠረጴዛ ጮክ ብሎ ሲያነበው ሰሙት። ሾርባቸውን ትተው ተነሥተው ወደ እህታቸው ቤት ነዱ። የመኪናቸውን ሞተር እንኳ አላጠፉም።

«የፕሪሚየሩን ስልክ ታውቂያለሽ። የማታውቂውን ሰውዬ ሁሉ እየደወልሽ ታስጠነቅቂያለሽ። የእኔ ቁጥር ጠፋሽ?»

«አልጠፋኝም።»

«ታዲያ?»

«ድምፅህን ብሰማ እሰርዘው ነበር።»

«ብትሰርዢውስ?»

«ሆስፒታሉ የእኔ ብቻ አይደለም፣ ኦረስት።»

«እኔስ የማን ነኝ?» አሉና በሩን ዘግተው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእህታቸው ቃል አልተነፈሱም። በተከታዩ ምርጫ ወንበራቸውን አጡ፤ ቤታቸውንም ሸጠው ዋናው ከተማ ቀሩ።

በሚቀጥለው ሐሙስ ባባ በዓምዳቸው ግርጌ ይህን አወጡ፦ «እርምት። ባለፈው ሳምንት ስለ ሆስፒታሉ የጻፍሁት ሁሉ ትክክል ነው፤ ዛሬም ደግሜ እጽፈዋለሁ። የጤና ሚኒስትሩ ግን አስቀድሞ አልተነገራቸውም። ይህ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው።» ሰኞ በአሥር ሰዓትም ለወንድማቸው ደወሉ። ስልኩ ተነሣ፤ «ሄሎ» የሚል ግን አልነበረም። ባባ ትንሽ ጠብቀው የዚያን ሳምንት ዓምድ እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ሲጨርሱ ስልኩ ተዘጋ። በሚቀጥለው ሰኞም እንዲሁ ሆነ። በየሳምንቱ የሚወቅሱትን ባለሥልጣን ካነጋገሩ በኋላ፣ ዓምዱ እሳቸውን የሚመለከት ሆነም አልሆነ፣ ለወንድማቸው ይደውሉ ነበር። ወንድማቸውም አንስተው ዝም ብለው ይሰሙ ነበር።

አያታችን አቶ ሃሪ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚህ ነገር ባባን ማብሸቅ ይወዱ ነበር። «አንቺ ሴት፣ ለማን ነው የምታነቢው? ያነሣው ውሻው ይሆናል እኮ» ሲሏቸው፣ ባባ የስልኩን መነጋገሪያ በእጃቸው ከድነው «ይስማ! ለዚህ መንግሥት ድምፅ የሰጠው እሱ ሳይሆን አይቀርም» ይሏቸው ነበር። ውሻው እንዳልሆነ ያወቁት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ባባ «አሥራ ዘጠኝ የገጠር ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል» ብለው ሲያነቡ ከወዲያ በኩል ጉሮሮ ሲጠረግ ሰሙ። ቆሙ። ወረቀታቸውን አገላብጠው ቢያዩ ቁጥሩ አሥራ ሰባት ሆኖ ተገኘ። «አሥራ ሰባት» ብለው አስተካክለው ቀጠሉ፤ ከወዲያ በኩልም ዝምታው ቀጠለ። ባባ ያን ቀን ለራት የማይሠሩትን ኬክ ሠሩ። ከዚያ በኋላ ቁጥር በደረሱ ቁጥር ትንሽ ቆም ይሉ ነበር።

እናቴ ግን ለባባ አዝና «እማዬ፣ ተይው በቃ። ሃያ ዓመት ሙሉ ዝም ያለሽ ሰው ነው» ብትላቸው፣ «ማርሊን፣ አንቺ ዝም ማለቱን ትቆጥሪያለሽ። እኔ የምቆጥረው ስልኩን ማንሣቱን ነው» አሏት።

ባለፈው መስከረም ባባ በጉሮሯቸው ዕጢ ምክንያት ታመው፣ ሃርተን ሆስፒታል ስለሌላት የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ተወስደው ተኙ። ቀዶ ሕክምናው ሕይወታቸውን ለጥቂት ሳምንታት አቆየልን፤ ድምፃቸውን ግን ወሰደው። ከዚያ በኋላ የሚሉትን ሁሉ በወረቀት ላይ ይጽፉልን ነበር። ሰኞ አሥር ሰዓት ሲሆን «ባባ፣ እኔ ደውዬ ላንብብለት?» ብላቸው፣ «የበደልሁትን የምክስበት አፍ የራሴ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም» ብለው ጻፉልኝ። ስለዚህ አልተደወለም። በሚቀጥለው ሰኞም አልተደወለም። ባባ ሰዓቱ ሲደርስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር። በሕይወታቸው ሁሉ ባለሥልጣን ፈርተው የማያውቁት ባባ፣ በእነዚያ ቀናት የፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድማቸው «ሰለቸኋት» ብለው እንዳያስቡ።

ሆኖም ሐሙስ፣ ጋዜጣው በሚወጣበት ቀን ጠዋት፣ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ ልጆቻቸው አጠገባቸው ሆነው እጃቸውን እንደያዙ በሰላም ዐረፉ። ልጃቸውን ወይዘሮ ማርሊንን፣ ልጃቸውን አቶ ዴልን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ አንድ የልጅ ልጅ ልጅን፣ ወንድማቸውን አቶ ኦረስትን፣ እንዲሁም ሐሙስ ሐሙስ አራተኛውን ገጽ ከሁሉ በፊት የሚገልጡትን አንባቢዎቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። መሐሪው አምላክ የባባን ነፍስ በአባቶቻቸውና በእናቶቻቸው ዕረፍት ይቀበልልን፤ ለእኛም እርስ በርስ ፊት ለፊት የምንነጋገርበትን ልብ ይስጠን። አሜን።

ባባ ግን ይህ ጽሑፍ በሞታቸው እንዳይዘጋ «የሰኞውን መጨረሻ ላይ አድርጊው» ብለው ጽፈው ስለ ሰጡኝ፣ ትእዛዛቸውን እፈጽማለሁ።

ሊያርፉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው፣ ሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ አቶ ኦረስት የሆስፒታሉን ክፍል በር ከፍተው ገቡ። አራት ሰዓት ብቻቸውን ነድተው ነበር የመጡት። ባርኔጣቸውን አውልቀው እህታቸውን አዩ፤ እህታቸውም አዩዋቸው። የባባ የመጨረሻ ዓምድ በእርሳስ ተጽፎ ብርድ ልብሱ ላይ ነበር። ስለ አሁኗ ፕሪሚየር ስለ ዶና ሄስኬት ነው፤ እሳቸውም የአቶ ኦረስት የፓርቲ ሰው ናቸው። አቶ ኦረስት ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ወረቀቱን አነሡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ድሮ በምክር ቤት ይናገሩበት በነበረው ድምፅ ማንበብ ጀመሩ።

«ፕሪሚየራችን በትምህርት ቤታችን አዳራሽ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆመው ሲወቀሱ አንድ ጊዜ እንኳ ሰዓታቸውን አላዩም፤ ይህን ማመስገን ይገባል። ለሃርተን ያመጡልን ሐኪም ግን ከሩቅ ሆኖ የሚያክመን፣ በቴሌቪዥን ውስጥ የሚኖር ነው። የታመመ ሰው እጁን የሚይዝለት ይፈልጋል፤ ቴሌቪዥን ደግሞ እጅ የለውም። ሆስፒታላችን የተዘጋ ዕለት ለመንግሥት የነገርነውን ዛሬም እንነግራቸዋለን፦ መልሱልን።»

«መልሱልን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ሰለለ፤ ነገር ግን አንዲት ቃል ሳይዘሉ ግርጌው ላይ እስካለው የእህታቸው ስም ድረስ አነበቡት። ባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ እንባቸው ወደ ጆሯቸው ይወርድ ነበር። አቶ ኦረስት ወረቀቱን አስተካክለው ባባ እጅ ውስጥ አስቀመጡት፤ እጃቸውንም በላዩ ላይ ጥቂት አቆዩት። ከዚያም ተነሡ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉ፤ ከራሳቸው አንዲት ቃል ሳይጨምሩ ወጥተው ሄዱ።