ያልተጸጸቱት አዋላጅ

የተወደዳችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሙያ ባልደረቦች፤ ዛሬ በዚህች ቤተ ጸሎት የምንሸኛቸው ወይዘሮ ቲርዛ ሀርድካስል በሕይወት ሳሉ ስለ እሳቸው ብዙ ሰው ብዙ ብሏልና፣ አሁን ደግሞ እኛ ቤተሰቦቻቸው የምንለውን ጥቂት ታግሣችሁ ስሙን። ሙገሳ እንዳናበዛ ራሳቸው አጥብቀው አዘዋል፤ ይህንንም ትእዛዝ እስከቻልነው ድረስ እናከብራለን።

ወይዘሮ ቲርዛ ከአባታቸው ከአቶ ክላረንስ ሜትካፍና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢዲት በዚሁ በኒደርዴል ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1951 ተወለዱ። አባታቸው የበግ ማገጃ ካብ እየካቡ ቤተሰብ ያስተዳደሩ፣ አንድ ድንጋይ አልቀመጥ ካላቸው ራት እስኪቀዘቅዝ የሚታገሉት ሰው ነበሩ፤ እልኸኝነቱን ከሳቸው ወርሰዋል የሚሉ አሉ። ወይዘሮ ኢዲትን የሚያውቁ ግን ከአባት ወገን ብቻ አይደለም ይላሉ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሸለቆው ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከዚያም ወደ ሊድስ ከተማ ተሻግረው የነርስነትንና የአዋላጅነትን ሙያ ካጠኑ በኋላ፣ በከተማው የማዋለጃ ክፍል ከአሥር ዓመት በላይ አገልግለዋል። እዚያም ሳሉ አንዲት ሴት በፈረቃው ልክ አዲስ ፊት እየተቀበለች፣ ስሟን በማያውቅ ሰው ፊት ልጇን ስትወልድ ማየት ስላንገበገባቸው፣ የመንግሥቱን ደመወዝ ትተው ከእርግዝናዋ መጀመሪያ ልጇን እስክታቅፍ ድረስ ከአንዲት እናት ጎን የማይለይ የግል አዋላጅ ለመሆን ቆረጡ። የወተት ጭነት መኪና ሾፌር የነበሩትን አቶ ሴድሪክ ሀርድካስልን አግብተው ሮዌናንና ጋይን ወልደዋል። አቶ ሴድሪክ በትዳር ዘመናቸው ስንት ምሳ ብቻቸውን እንደበሉ ዛሬ አንጠይቃቸውም።

አሠራራቸውን እዚህ ካላችሁት እናቶች ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሴትዮዋ በምጥ ላይ ሳለች እሳቸው ጥግ ይዘው ሹራብ ይሠራሉ፤ ሥራ የፈታ የአዋላጅ እጅ ያልተጠራበት ይገባልና እስኪፈለግ ድረስ በሹራብ መታሰር አለበት ይሉ ነበር። ከዚያ ሁሉ ምጥ ውስጥ አንድ እንኳ የሚለበስ ሹራብ አለመውጣቱን ግን ለእውነት ስንል እንመሰክራለን።

ነገሩ የተበላሸው ማንም አዋላጅ ያለ መድን ዋስትና እንዳይሠራ የሚያዝ ሕግ በተረቀቀ ጊዜ ነው። መድን ድርጅቶቹ የእርግዝናውን ክትትልና ከወሊድ በኋላ ያለውን ጉብኝት ለመሸፈን ፈቃደኞች ሲሆኑ፣ ልጁ የሚወለድበትን ሰዓት ግን በምንም ዋጋ አንሸፍንም አሉ፤ ይህም እረኛ ቀጥሮ ቀበሮ በመጣ ሰዓት ወደ ቤትህ ግባ እንደማለት ነበር። ወይዘሮ ቲርዛ መድን አንፈልግም አላሉም። በወሊድ የተጎዳ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የሚደገፍበት ዋስትና ሊኖረው ይገባል፣ መንግሥት ለሆስፒታል አዋላጆች የሚሰጠውን ዋስትና ለእኛም በገንዘባችን ይሽጥልን ነው ያሉት፤ ይህን ያለማጣመም መናገር ግዴታችን ነው።

የፓርላማ አባላችን ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት ሰው ይቀበሉ ነበርና፣ ወይዘሮ ቲርዛ መጀመሪያ ሲሄዱባቸው፣ በትሕትና፣ ወረፋ የያዘን ሰው ሁሉ ሳልሰማ አልነሣም አሏቸው። በዚህ አገር ሌባ ምሕረት ያገኛል፣ ወረፋ የዘለለ ግን አያገኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወይዘሮ ቲርዛ ከባልደረባቸው ከወይዘሮ ኦድሪ ፔል ጋር እርጉዞችንና አራሶችን አሰልፈው፣ ሰልፉ እስከ ዓሣ ጥብሱ ቤት ደጅ ደረሰ። ሁሉም በየተራ ገብተው፣ ምጤ ሲመጣ ከጎኔ ማን ይቀመጥ የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው ይወጣሉ። ስለ ፍሳሽ ቱቦ ሊያመለክቱ የመጡ ሰዎች ከኋላ ቆመው ማንንም ሳይቀድሙ ጠበቁ፤ ተራቸው ሲደርስ እነሱም ስለ አዋላጆቹ ጠየቁ። የፓርላማ አባሉ ክረምቱን ሁሉ እንዲህ ከከረሙ በኋላ ጥያቄውን ለምክር ቤት አቀረቡ፤ ይታያል የሚል መልስም ተሰጣቸው። ጥያቄው ሳይታይ ሕጉ ጸና።

ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ቲርዛ ወደ እናቶቹ ቤት መሄዳቸውን አልተዉም፤ የሚሄዱት ግን በእንግድነት ነበር፤ ልጁን የምትቀበለው አዋላጅ ከሆስፒታል ተጠርታ እስክትደርስ ድረስ ሹራባቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። በአንድ የካቲት ወይዘሮ ሊያን ቶፍት ምጥ ሲይዛቸው የሆስፒታሏ አዋላጅም አምቡላንሱም የተራራውን መንገድ በረዶ ዘግቶባቸው ቀሩ። የሕፃኗ ራስ ወጥቶ ትከሻዋ ሲያዝ፣ ወይዘሮ ቲርዛ ሹራቡን ወርውረው፣ እናቲቱን በእጅና በጉልበቷ አስደግፈው ልጅቷን በሰላም አወጧት። ወላጆቿ በስማቸው ሊጠሯት ቢለምኑ፣ ምን በድላኝ ነው እንዲህ ያለ ስም የማሸክማት ብለው ስለከለከሉ ፖፒ ተባለች፤ ዛሬም ከእናቷ ጋር ከመካከላችን ተቀምጣለች።

መደበቅ የማያውቁት ወይዘሮ ቲርዛ ያደረጉትን ለአዋላጆች መዝገብ ጽሕፈት ቤት ራሳቸው አስታወቁ። የጽሕፈት ቤቱ ሸንጎም ያለ መድን ማዋለድ የሚፈቀደው በድንገተኛ አደጋ ብቻ ነው፣ ይህ ግን አስቀድመው አስበውበት የተቀመጡበት ቤት ነውና ድንገተኛ አደጋ አይባልም ሲል ፈረደ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበሩም። «ወይዘሮ ሀርድካስል፣ እንዲጸጸቱና እንዳይደግሙት ብቻ ነው የምንጠይቅዎት። ይበሉንና ስምዎ ከመዝገቡ አይወጣም» አሏቸው።

«የሚጸጽተኝስ አለ» ብለው መለሱ። «ሹራቡን ቀደም ብዬ አለማስቀመጤ። ነገም በረዶ ቢጥል ያንኑ አደርጋለሁ።»

ስማቸው ተሰረዘ። ደጅ ሲጠብቁ የነበሩት አቶ ሴድሪክ ውሳኔውን ሲሰሙ፣ «በይ እንሂድ፣ መኪናዬን ያቆምኳት ክልክል ቦታ ነው» ብቻ አሏቸው። ወይዘሮ ቲርዛ እንባቸው የመጣው ቤታቸው ገብተው በር ከዘጉ በኋላ ሲሆን፣ ይህን ያየችው ኦድሪ ብቻ ናት፤ ዛሬ እንድንናገረውም ፈቅዳልናለች። የወደዱትን ሥራ ተነጥቀው እንደነበርና እንዳመማቸው ሳንናገር ብንቀር ታሪካቸው ሐሰት ይሆናል።

ይሁን እንጂ አርፈው አልተቀመጡም፤ ለራሳቸው የማይሆነውን መድን ለሌሎች እየተሟገቱ፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ፣ ሲሰድቧቸው እየሳቁ፣ የግል አዋላጆች በማኅበር ተሰብስበው የወሊዱን ሰዓት ጭምር የሚሸፍን ዋስትና እንዲያገኙ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሟ ሆኑ። ኦድሪም ወጣቶቹም ዛሬ የሚሠሩት በዚያ ዋስትና ነው። ለወይዘሮ ቲርዛ የመመለሻው በር አልተዘጋም ነበር፤ መግቢያው ግን ያው የጸጸት ቃል ነው። የቆሽት ካንሰር ታመው ከአልጋ በዋሉ ጊዜ፣ አዋላጅ እንደተባሉ ቢሞቱ ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው የምታውቀው ልጃቸው ሮዌና ቃሉን እንዲሰጡ እያለቀሰች ለመነቻቸው። እሳቸውም፣ «ልጄ፣ ስሜን ለማስመለስ ብዬ ፖፒን ባልተቀበልኩሽ ኖሮ ልበላት?» አሏት። ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሣባቸውም። በመጋቢት 2022 በቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ኦድሪ አጠገባቸው እንዳሉ ዐረፉ።

ወይዘሮ ቲርዛ ባለቤታቸውን አቶ ሴድሪክን፣ ልጆቻቸውን ሮዌናንና ጋይን፣ አራት የልጅ ልጆችን፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ማቤልን፣ ከእኅት የማይለዩአትን ኦድሪን፣ እንዲሁም በእጃቸው ተወልደው ዛሬ ይህችን ቤተ ጸሎት እስከ ደጇ የሞሉትን ሁሉ ትተው ሄደዋል።

ስሙ ከመዝገብ የወጣ ሰው አዋላጅ ተብሎ እንዳይጠራ ሕጉ ይከለክላል። ቤተሰቡ ይህን እያወቀ ለመቃብራቸው ባሠራው ድንጋይ ላይ «ቲርዛ ሀርድካስል፣ አዋላጅ» ተብሎ ተቀርጿል። አስበንበት ነው፤ አንጸጸትም።

ቸሩ እግዚአብሔር የአዋላጅ ቲርዛ ሀርድካስልን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን። አሜን።