ኖንግ ቴባን ጸጉሩን ለምን እንደቆረጠ

የምስክሩ ስም፦ ፕሩደንሲዮ ማግላሳንግ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ኮኮናት ለቃሚና አድራቂ
አድራሻ፦ ካንላፓው መንደር፣ ሌይቴ ደሴት፣ ፊሊፒንስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ማክሰኞ ማርች 15 ቀን 2016 ዓ.ም. እ.ኤ.አ.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
ጉዳዩ፦ ሐሙስ ማርች 10 ቀን ስለደረሰው የቤት ቃጠሎ፣ ሁለተኛ ቃል

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ነው። ባለፈው ዓርብ በዚሁ ጣቢያ ቀርቤ፣ ጎረቤቴ ኢስቴባን ላግናዳ ቤቴን አቃጥሏል ብዬ ቃል ሰጥቼ ነበር። በዚያ ቃል መሠረት ግለሰቡ እስከ ዛሬ ታስሮ ይገኛል። ዛሬ የመጣሁት ያንን ቃል ለማስተካከል ነው። ማንም አላስገደደኝም።

ማክሰኞ ማርች 8 ቀን ረፋዱ ላይ ገበያው አጠገብ ያለ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄጄ የቀኝ የላይኛውን መንጋጋ ጥርሴን አስነቀልኩ። ሐኪሙ ጥጥ አስነክሶ፣ ለሦስት ቀን ከባድ ዕቃ እንዳላነሳ ነገረኝ። በእኛ መንደር ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም። ደም የፈሰሰው ሰው ሳያገግም ከሠራ፣ ከታጠበ ወይም ዝናብ ከመታው ግርሻ ይይዘዋል፤ ግርሻ ደግሞ የሚጀምረው ከራስ ነው። በማግስቱ ግን ኢስቴባን፣ በዕድሜ ታላቄ ስለሆነ በአክብሮት ኖንግ ቴባን ነው የምለው፣ "ዝናብ መጣብኝ፣ ና አንዴ አግዘኝ" ብሎ ጠራኝና የደረቀ ኮኮናት አብሬው ተሸከምኩ። ስንት ጆንያ እንደሆነ እንጃ። አራት ይመስለኛል። ዝናቡም መታን።

ሐሙስ ጠዋት ራሴ ለሁለት የሚሰነጠቅ መሰለኝ። ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተሉ ይምታታብኛል። ባለቤቴ ኤዲታ እህቷ ዘንድ ሄዳ ነበር፤ እሷ ጠዋት ነው የሄድኩት ትላለች፣ እኔ ግን ስትወጣ አላየኋትም። ዓርብ ዕለት መርማሪው፣ ቴባንን ወደ ቤትህ ጠርተኸው ነበር ወይ ሲለኝ አልጠራሁትም አልኩ። በዚያን ዕለት ጸጉሩን የቆረጠው መልኩን ለመለወጥ ነው ወይ ሲለኝም አላውቅም አልኩ። ልዋሽ አስቤ አይደለም፤ በዚያ ሰዓት ራሴ ውስጥ ከሕመሙ በቀር ምንም አልነበረም። ትዝ ያለኝ፣ ጢስ ውስጥ ስነቃ ቴባን እግሬን ይዞ ሲጎትተኝ ብቻ ነው። ባለፈው ወር አሳማው ስኳር ድንቼን ቆፍሮ ስለበላብኝ ተጣልተን ነበርና፣ ቂሙን ሊወጣ መጣ አልኩ። ክንዱ ላይ ያለውን ቃጠሎም ማስረጃ ነው ብዬ ለፖሊስ ያሳየሁት እኔው ነኝ።

ሕመሙ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለቀቀኝ። ሰኞ ጠዋት ከኤዲታ ጋር አመዱን ስንጠርግ፣ አልጋዬ በነበረበት ቦታ ፍም የሚያዝበት ገል አገኘን። "ይሄ ደግሞ የማን ነው?" አለች። "የቴባን" አልኩ። አፌ ከእኔ ቀድሞ ነው የተናገረው። ከዚያ ሁሉም አንድ በአንድ መጣልኝ።

ሐሙስ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ቴባንን በአጥሩ በኩል ተጣርቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። "ለሥራ የጠራኸኝ አንተ ነህ፣ ግርሻው ያንተ ነው" አልኩት። በመንደራችን ግርሻ የያዘው ሰው የሚታጠነው ያለጊዜው ለሥራ በጠራው ሰው ጸጉር ነው። ቴባን አልተከራከረም። ፍም በገል ይዞ መጣ፤ በእኔው መቀስ የግንባሩን ጸጉር ቆርጦ ፍሙ ላይ ጣለው። መላጣ ነው ማለት ይቻላል። "የቀረችኝ ይቺው ነበረች፣ እሷንም በላሃት" ብሎ ሳቀ። ፍሙ እስኪከስም አጠገቤ ሊቀመጥ ፈልጎ ነበር፤ ሂድ ኮኮናትህን ሰብስብ አልኩት። በሩ ላይ ደርሶ "ፍሙ ሳይጠፋ እንዳትተኛ" አለኝ። ዓይኔን ስጨፍንበት "አንተ፣ የነቀሉህ ጥርስህን ነው ጆሮህን?" ብሎኝ ሄደ።

እኔም ተኛሁ። ጢሱ በቀርከሃው አልጋ ክፍተት እንዲወጣልኝ ገሉን አልጋው ሥር የገፋሁት በገዛ እጄ ነው። ቤቴን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ቴባን እግሬን የጎተተው ከእሳቱ ሊያወጣኝ ነው፤ ክንዱም የተቃጠለው ያኔ ነው።

ቴባን በተጠየቀ ቁጥር "ራሱን ሕመሙ ሲተወው እሱኑ ጠይቁት" ብቻ ይል እንደነበር ዛሬ ከመርማሪው ሰማሁ። አፈር ልብላ። ኤዲታ በበኩሏ "ቤት የለን፤ አንተን ካሰሩህ እኔ የት ልግባ?" ብላኛለች።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ክፍል ስገባ ቴባን ከፍርግርጉ ውስጥ አየኝ። ፊቴን አዞርኩ። "አንተ ልጅ፣ ራስህን ተወህ?" አለኝ። አዎ አልኩት። "በል ገና ነህ፣ እንዳትታጠብ" አለኝ።



የዓርቡን ቃል የሰጠሁት ታምሜ ነው፤ ይህንን የሰጠሁት ድኜ ነው። ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ፣ እውነት ነው። ሊያስከትልብኝ የሚችለውም ተነግሮኛል። ከዚህ ስወጣ ወደ ቤተሰቤ ልሂድ ወይስ እሱ የሚወጣበት ክፍል ልግባ ገና አልተነገረኝም፤ እሱ ግን ዛሬውኑ ይውጣልኝ ብዬ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ፕ. ማግላሳንግ
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ሳጅን ር. ዳካይ